ከፈለኝ፣ ተከራይዋና የሙሉካ እንሰት

ሙሉካ በሞተች በዓመቱ ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኢዲዶ መንደር ሰው ስለ ባሏ ስለ ከፈለኝ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ እንሰቱ።

ከቤቱ ጀርባ ሙሉካ ፍግ እያለበሰች ያሳደገቻቸው እንሰቶች ደርሰዋል። ግንዳቸውን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። የደረሰ እንሰት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። አብቦ ከቆየ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ይወጣል፤ ግንዱ ገለባ ይሆናል፤ የዓመታት ልፋት ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በጊዜው ተፍቆ፣ የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ መሆን አለበት። መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ወንድ ይተክላል፣ ይኮተኩታል፤ ሲፋቅ ግን ጓሮው ድርሽ አይልም። በእነ ከፈለኝ ሰፈር እንሰት የሚፍቁት ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ሲሆን፣ የምትጠራቸውም የቤቱ ሴት ናት። ከፈለኝ ቤት ሴት የለችም። ነገሩ ይኸው ነው።

ከፈለኝ አናጺ ነው፤ ግንበኝነቱንም ያውቅበታል። በወጣትነቱ ዲላ ሙያ ተምሮ፣ ከወናጎ እስከ ኮቾሬ ቆርቆሮ ያለበሰው ቤት ብዙ ነው። አንድ ልጁ ሚሊዮን ሐዋሳ ሹፌር ሆኗል፤ ገና አላገባም። ሙሉካ ስትሞት ከፈለኝ አልጠጣም፣ አልታመመም፣ አልከሳምም። የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ መዶሻውን ይዞ ጀምሮት ወደነበረው ጣሪያ ተመለሰ። «ለምን አታለቅስም?» ሲሉት፣ «እያለቀስኩ አይደል?» ይላል ፊቱ ደርቆ።

የማይሆንለት ነገር ቢኖር ቤቱ ውስጥ መተኛት ነበር። ፈርቶ አይደለም። አልጋው ላይ ሲጋደም ዓይኑ ጣሪያው ላይ ይተከልና የማገሩን ሚስማር አንድ በአንድ ሲያይ ይነጋል። ስለዚህ አልጋውን አውጥቶ ከጎን ያለው ኩሽና ውስጥ ዘረጋው። ቀበሌው ለአንዲት የውጭ አገር ሰው የሚከራይ ቤት ሲያፈላልግ፣ ከፈለኝ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ የቀበሌው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

የመጣችው ሴት ማሪቴስ ትባላለች፤ አገሯ ፊሊፒንስ ነው። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ድርጅት የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች መምህራን እንድታሠለጥን የላካት፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ አጭር ሴት ናት። አማርኛ አዲስ አበባ ትንሽ አስተምረዋታል፤ የቀረውን ከኢዲዶ ሰው ለቀመችው። ልጆቹ መንገድ ላይ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲከተሏት ቆም ብላ፣ «ቻይና ጎረቤት ነው» ትላቸዋለች። ልጆቹ ደግሞ ማሪ ብለው አሳጠሯት፤ ማሪ ሆና ቀረች።

አንድ ፈረንጅ ገጠር ሲኖር ምን ምን እንደሚያስፈልገው ከፈለኝ አያውቅም ነበር፤ እየሠራ ተማረ። መጀመሪያ የመጣው ቁንጫ ነው። ማሪ በሳምንቱ እግሯን እስከ ጉልበቷ አሳየችው። ከፈለኝ ዕቃዋን ሁሉ ወደ በረንዳ አወጣ፣ የአፈሩን ወለል ጠቀጠቀ፣ ሊሾ አደረገላት። ቀጥሎ አይጥ መጣ። ማሪ ሩዝ ካልበላች የበላች አይመስላትም፤ ሩዙን ከዲላ በጆንያ ታስመጣለች፤ አይጡም ይህን አውቋል። ከፈለኝ ከተራፊ ቆርቆሮ ውስጡን የለበጠ የሩዝ ሣጥን ሠራላት። ውሃ ከምንጭ በጄሪካን ይመጣል፤ ማሪ አፍልታ ታጣራዋለች። ከፈለኝ ለጣሪያው አሸንዳ ሰቅሎ ዝናቡን ወደ በርሜል መለሰላትና፣ ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ምንጭ መሄድ ቀረ።

ሽንት ቤቱ ግን ሰፈሩን አነጋገረ። ማሪ ጉልበቷን ያማታል፤ ቁጢጥ ማለት አልቻለችም። ከፈለኝ ከዋንዛ ሳንቃ ጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ጉድጓዱ ላይ መቀመጫ ገጠመ። ጎረቤት ሊያይ መጣ።

«ከፈለኝ ለጉድጓድ ዙፋን ሠራለት» አሉ።

«ቀለም ልትቀባው ነው?»

«ቫርኒሽ» አለ ከፈለኝ፣ ሳይስቅ።

ስልክ የሚሠራው ከቡና ማጠቢያው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ማሪ እሑድ እሑድ ጃንጥላ ይዛ ትወጣና፣ የሚታጠበው ቡና ሽታ አፍንጫዋን እየሰነፈጣት ከቤተሰቦቿ ጋር ታወራለች። ከፈለኝ እዚያም ድንጋይ ደልድሎ መቀመጫ አበጀላት። ያዘዘው የለም። የሚሠራ ነገር ካየ ይሠራል፤ ሠርቶ ሲጨርስ ደስም አይለው፣ አይከፋውም። ሌላ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል።

ስለ ሙሉካ የጠየቀችው መስኮት ሲያስተካክል ነበር።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ባለቤትህ የት ናት?»

«ሞተች።»

ማሪ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «መቼ?»

«አምና።»

«በምን?»

«በሆድ ሕመም። ዲላ ሆስፒታል አደረስናት። ይሄ ማጠፊያ ዝጓል፤ ዘይት ላድርግበት?»

ማሪ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። «አድርግበት» አለች።

እንሰቱን ግን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሙዝ ነው ብላ አምናለች። ቅጠሉም የሙዝ ነው፣ ግንዱም የሙዝ ነው። እሷ ያደገችው ሙዝ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን እየፋቀች በጓሮ በር ብቅ ትልና አንጋጣ ታየዋለች።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ሙዙ መቼ ይደርሳል?»

«ሙዝ አይደለም፤ እንሰት ነው።»

«እኔ ሙዝ አገር ነው የተወለድኩት።»

«እሱማ ይሆናል።»

«ታዲያ ፍሬው?»

«ፍሬውን አንበላም። የምንበላው ግንዱንና ሥሩን ነው።»

ማሪ ሳቀች፤ የሚቀልድባት መሰላት። ቆጮ ሁለት ሦስቴ ቀምሳለች፤ ግን ያ ከዚህ እንደሚወጣ ነግሯት ያመነች አይመስልም። ከፈለኝም አልተከራከረም።

የሙሉካ ታላቅ እህት እትዬ ውዳሴ የምትኖረው ከመንገዱ ማዶ ነው። የገበያ ቀን ከይርጋጨፌ ስትመለስ ዘንቢሏን አውርዳ ከፈለኝ ደጃፍ ትቀመጣለች፤ የምታወራው አንድ ነገር ነው።

«የሚሊዮን አባት፣ ሚያዝያ ገባ።»

«ገባ።»

«ያ ጫፉ ላይ ያለው አናቱ ሾሏል። ሊያብብ ነው።»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህስ?»

ከፈለኝ ሳንቃ መላጉን ቀጠለ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ምን ላድርግ እትዬ ውዳሴ? ቅጠል አንጥፌ ልጥራ?»

በእነሱ ሰፈር የቤቱ ሴት ጎረቤት የምትጠራው እየዞረች አይደለም። ማታ ከእንሰቱ ቅጠል ቆርጣ ደጃፏ ላይ ታነጥፋለች። ያየች ላላየች ትነግራለች፤ በማግስቱ ሁሉም መፋቂያዋን ይዛ ትመጣለች። ወንድ ቅጠል ቢያነጥፍ መሳቂያ ነው። እህት ብታነጥፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሟች እህቷን ንብረት ልትካፈል ተሽቀዳደመች ይባላል።

«እኔ አላነጥፍም» አለች ውዳሴ፣ ያሰበውን እንደሰማች ሁሉ። «አፋቸውን ታውቀዋለህ። አንተ አግባ፤ አለዚያም ያንን ልጅህን አጋባው።»

«ሚሊዮንን ለእንሰት ብዬ ላጋባው?»

«ስንቱ በምን በምን ይጋባል!» ዘንቢሏን አነሳች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእሷ እጅ ያረፈበት የቀረህ ይሄ ብቻ ነው። ቆሞ ሲበሰብስ ማየት ነው የምትፈልገው?» አለች።

ከፈለኝ የፈለገው ምን እንደሆነ አያውቅም። ከተፋቀ ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ከጉድጓድ ወጥቶ ይበላል፤ ተበልቶ ያልቃል። ካልተፋቀ ይበሰብሳል። ሁለቱንም አሰበና ሁለቱም አንድ ሆነበት። መላጊያውን አነሳ።

ፋሲካ አልፎ ዝናቡ ሲበረታ ጫፉ ላይ ያለው እንሰት አበበ። ከአናቱ እንደ ቀንድ የቆለመመ ቀይ እምቡጥ ወጣና ወደ መሬት አዘነበለ። መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። አይቶም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

ደስ ያላት ማሪ ብቻ ናት። እየሮጠች ኩሽናው ደጅ መጣች።

«ጋሽ ከፈለኝ፣ ሙዙ ልቡን አወጣ!»

«አየሁት።»

«እኛ አገር ይበላል። ይቀቀላል፣ ይጠበሳል። ልቆርጠው?»

ከፈለኝ እንሰቱን አየው። ያበበው አብቧል፤ ያ አንዱ ሄዷል። «ቁረጪው» አለ።

መሰላሉን አመጣና አቆመላት፤ ግራና ቀኝ ነቅንቆ መርገጡን አረጋገጠ። ቢላዋም ሰጣት። ራሱ ግን የሰው በር ሊገጥም ቀጠሮ ነበረውና መሣሪያውን ተሸክሞ ወጣ።

እምቡጡን ለማግኘት ማሪ መጀመሪያ ዙሪያውን ያሉትን ቅጠሎች መቁረጥ ነበረባት። ቆረጠቻቸው። እምቡጡ ወረደ፤ ከጭንቅላቷ ይከብዳል። ከተፈችው፣ በጨው ቀቀለችው፣ ቀመሰችው፣ ተፋችው። ውሃውን ለውጣ ደግማ ቀቀለችው። አሁንም መራራ ነው። «ሌላ ዓይነት ሙዝ ነው» አለች ለራሷና ደፋችው።

ቅጠሎቹ ቀሩ። ሰሞኑን ሲዘንብ ስለሰነበተ ደጃፉ ማጥ ሆኗል፤ ጠዋት በወጣች ቁጥር ቦት ጫማዋ እየተዋጠ እግሯ ባዶውን ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቅጠል የሚጣልበት ምክንያት አልታያትም። ከበረንዳው እስከ አጥሩ በር ድረስ አንድ በአንድ አነጠፈችው። ረገጥ ረገጥ አድርጋ ሞከረችው። ጥሩ ይዟል። እጇን ታጥባ ገባች።

ከፈለኝ ሲመለስ እየመሸ ነበር። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቅጠሉን አየና ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ከእነ ውዳሴ ግቢ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ቅጠሉን አይተውታል።

ቅጠሉን ማንሳት ይችላል። ጠቅልሎ ከአጥሩ ኋላ ቢጥለው ነገሩ ያልቃል፤ ፈረንጅ ናት፣ አላወቀችም ይባላል፤ ይስቃሉ፤ ይረሳል። የመሣሪያውን ሣጥን መሬት አስቀምጦ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን ቅጠል ጫፍ ያዘ። ቁርጡ ገና ይንጠባጠባል።

ከዚያ ለቀቀውና ቀና አለ። ሣጥኑን ይዞ በቅጠሉ ላይ አልፎ ወደ ኩሽናው ገባ።

ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ውዳሴ ከፊት ናት፤ ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች የቀርከሃ መፋቂያ፣ ሳንቃና ገጀራ ይዘዋል። ማሪ በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ በሩን ከፈተች።

«ጠራሽን፤ መጣን» አለች ውዳሴ።

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ይሄን ማን አነጠፈው?»

ማሪ ቅጠሉን አየች፣ ሴቶቹን አየች። «ጭቃ ነው… ለጫማ ነው ያነጠፍኩት።»

ከኋላ አንዷ ሳቀች። «ማሪ፣ ባል አገኘሽ!»

«ባል አልፈልግም» አለች ማሪ። «ቅጠል ማንጠፍ ባል መጥራት ነው እንዴ?»

ሳቁ በረታ። ውዳሴ ብቻ አልሳቀችም። ከኩሽናው ወደወጣው ከፈለኝ ዞረች።

«የሚሊዮን አባት፣ እኛ ሰው ቤት በግድ አንገባም። ተጠርተናል? ካልተጠራን እንመለስ።»

ከፈለኝ ሴቶቹን አያቸው። ግማሾቹ ከሙሉካ ጋር ሲፍቁ የኖሩ ናቸው። አንዷ የያዘችውን ሳንቃ ያወቀው ወዲያው ነው፤ ራሱ የላገው ነው፤ ከሙሉካ ተውሳ ሳትመልስላት ሙሉካ የሞተችባት መሆን አለበት።

ወደ በረንዳው ሄደና የማሪን የጋዝ ሲሊንደር በእጁ ነቅነቅ አደረገው።

«ይሄ አልቋል» አለ። «ዲላ ደርሼ አስቀይሬ ልምጣ።»

ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አድርጎ መንገድ ጀመረ። ሲፋቅ ወንድ ግቢውን ለቆ ይሄዳል። ሴቶቹ መልሱ ገባቸውና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ አለፉ።

ማሪ አጥሩ በር ድረስ ተከተለችው። «ጋሽ ከፈለኝ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«ኩሽና ገብተሽ በእንጨት ምሳ አብስዪላቸው።»

«ሩዝ?»

«ሩዝም ይሆናል። በጎመን አድርጊው።»

እስከ ይርጋጨፌ በሞተር፣ ከዚያ ዲላ በሚኒባስ ሄደ። ሲሊንደሩን የሚያስቀይረው፣ የማሪንም ሩዝ የሚያመጣላት ነጋዴው ሙሐመድኑር ነው። አባቱ ከጉራጌ መጥተው ከከፈቱት ሱቅ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ከከፈለኝ ጋር የድሮ ወዳጅ ነው።

«ገና ባለፈው አልነበር የወሰድከው? ፈረንጇ ጋዝ ትጠጣለች እንዴ?»

«ሩዝ ነው። ረጅም ትቀቅለዋለች።»

«ተቀመጥ፤ ሙሉው ሲሊንደር ከሰዓት ነው የሚመጣልኝ። ትቸኩላለህ?»

«አልቸኩልም። ቤት እንሰት እየተፋቀ ነው።»

ሙሐመድኑር ሳቀ። «ተባረርክ በለኛ! እኛም አገር ያው ነው። አባቴ በዚያ ቀን ከሱቁ አይወጡም ነበር።» ከዚያ ቆም አለና፣ «የማን እንሰት?» አለ።

«የሙሉካ።»

ሙሐመድኑር መልሱን ሲሰማ ደንበኛውን ትቶ ከባንኮኒው ወጣና አጠገቡ ተቀመጠ። «አላህ ይዘንላት» አለ። ሻይ መጣ፤ ጠጡ። ከፈለኝ መንገዱን የሚያቋርጡትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያያል። አንዱ ሙዝ እየላጠ ያልፋል። ሙዝስ ይሄ ነው ብዬ ለማሪ መንገር አለብኝ ብሎ አሰበ።

«ቡላው ሲደርስ እንዳትረሳኝ» አለ ሙሐመድኑር፣ ሲሊንደሩን ሲያሸክመው። «ከሩዟ ጋር እንለዋወጣለን በላት።»

ኢዲዶ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሴቶቹ ድምፅ ከጓሮ ስለሚሰማ አልገባም። ሲሊንደሩን መንገድ ዳር አስቀምጦ ራሱም ላዩ ላይ ተቀመጠ። የመፋቂያው ድምፅ ይሰማዋል፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። በፊት በዚህ ድምፅ ውስጥ የሙሉካ የቱ እንደሆነ ይለይ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ትፍቅ ነበር። አሁን አዳመጠ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቀጭን ድምፅ መሀል ላይ እየቆመ እንደገና ይጀምራል፤ ያ የማሪ መሆን አለበት።

ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ሲወጡ ገባ። ውዳሴ ቀርታ እጇን ትታጠባለች። ማሪ ቁርበት ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ወገቧ ላይ ያሰሩላትን የእንሰት ቅጠል ገና አልፈታችም።

«እጄ ያሳክከኛል» አለችው። «ሩዙን ደግሞ ሆድ አይገባም ብለው ሳቁብኝ። ግን ጨረሱት።»

«ያበበው ባዶ ነው» አለች ውዳሴ። «ገለባ። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ትንሽ ብትቆይ ሁሉንም ታጣቸው ነበር። ጉድጓዱን ደፍነነዋል፤ ድንጋይም ጭነንበታል፤ እኔ እያየሁ አገላብጠዋለሁ። ይሄ ቡላው ነው።» በቅጠል የተጠቀለለውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ይከብዳል።

«ለሚሊዮን እልክለታለሁ» አለ።

«ግማሹን። ግማሹን ብላው።»

ወደ ጓሮ ዞረ። ቤቱን ከሠራ ጀምሮ ይህን ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ አይቶት አያውቅም፤ እንሰቱ ይጋርደው ነበር። አሁን የምሽቱ ፀሐይ አርፎበታል። ከታች በኩል እርጥበት ምርጊቱን በልቶታል። መሬቱ ተቆፍሮ ሥሩ የወጣበት ቦታ ጥቁር ነው፤ ሰፊ ነው። እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ምርጊቱ ይረግፋል።

ማሪ ወገቧን ይዛ ከኋላው መጣች። ብርሃኑን አይታ ፊቷ ፈካ።

«እዚህ ፀሐይ አለ! ጋሽ ከፈለኝ፣ የልብስ ገመድ እዚህ ብንወጥር? ልብሴ አይደርቅም፤ ሁሉም ሻግቷል።»

«አይሆንም።»

ማሪ አየችው። ይህ ሰው አይሆንም ሲል ሰምታ አታውቅም።

«ገመዱን ከፊት ለፊት እወጥርልሻለሁ። ቆርቆሮ ክዳንም አደርግለታለሁ» አለ። «እዚህ እንሰት ይተከላል።»

ውዳሴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች፣ «እስኪደርስ እኮ ዓመታት ነው» አለች። «ማን ይፍቅልሃል?»

«እኔ እንጃ።»

«ማን ይጠራናል?»

«እኔ እንጃ አልኩሽ። ችግኝ አለሽ?»

«አለኝ። ግን ነገ አልነቅልልህም፤ ወገቤ ተቆርጧል።»

«ነገ ጉድጓዱን ልቆፍር። ስትችዪ ታመጪዋለሽ።»

ውዳሴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከፈለኝ ሲሊንደሩን ወደ በረንዳው መለሰ፣ ሬጉሌተሩን ገጠመ፣ መጋጠሚያውን ሳሙና ቀባ፤ አረፋ አልወጣውም። ምድጃውን ለኮሰው። ለማሪ ቡላውን እንዴት እንደምታነኩረው አሳያትና እሷ ስታማስል እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሲበስል ሁለቱም በአንድ ሳህን በሉ። ማሪ ጣዕሙን ጠየቀችው፤ ደህና ነው አለ። ደህና ይሁን አይሁን አላወቀም፤ ግን የቀረበለትን ጨረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ ነበር። ከፈለኝ ላስቲክ ደርቦ ወጣና ጓሮው ላይ ሲባጎ ወጠረ። ከግድግዳው ራቅ አድርጎ ለካ፤ እርጥበቱ እንደገና ምርጊቱን እንዳይበላው። ከዚያ ዶማውን አነሳ።